አሮጌ የሞዴል ባቡር ፉርጎ፦ የቱ ይታደሳል፣ የቱ ሳይነካ ይቀመጣል?

አሮጌ የሞዴል ባቡር ፉርጎ እጁ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ከሁሉ ጎጂው ነው። በሳሙና ፈትጎ ያጥበዋል፤ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ይቀባል፤ የላላውን በሙጫ ያጣብቃል። ፉርጎው ለዓይን ያምርለታል። ነገር ግን ፋብሪካው ከ70 ዓመት በፊት ያተመው ጽሑፍ ታጥቦ ሄዷል፤ የመጀመሪያው ቀለም በአዲስ ቀለም ተሸፍኗል፤ ሰብሳቢ ደህና ገንዘብ ይከፍልበት የነበረው ዕቃ ዋጋው ወርዷል። በዚህ ሙያ ትልቁ ችሎታ እጅን መሰብሰብ ነው። መቼ መንካት፣ ምን ያህል መንካት እንደሚገባ ለማወቅ ደግሞ ዕቃው መቼና ከምን እንደተሠራ ማንበብ መቻል ያስፈልጋል።

አሜሪካ ለምትኖሩ አንባቢዎች ነገሩ ሩቅ አይደለም። ቤት ሲሸጥ ወይም አዛውንቶች ሲያርፉ በሚደረገው የቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ፣ ከምድር ቤት የወጣ፣ ጥግ ጥጉ የተበላ ብርቱካናማና ሰማያዊ ካርቶን ታገኛላችሁ። ውስጡ ያለው ላዮኔል የተባለው ኩባንያ የሠራው ፉርጎ ነው። ሌሎች ትልልቅ ስሞችም አሉ። የጀርመኑ ማርክሊን በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ ስፋታቸው በቁጥር የተወሰነ ሐዲዶችን አቅርቦ ለዘርፉ መሠረት ጥሏል፤ እንግሊዛዊው ፍራንክ ሆርንቢም ከ1920 ጀምሮ በሞላ የሚሄዱ ባቡሮችን ለገበያ አውጥቷል። ሆኖም በብዛት እጅ የሚገባውና በትንሽ ገንዘብ መማሪያ የሚሆነው የላዮኔል ዕቃ ስለሆነ ምሳሌዎቼን በአብዛኛው ከእሱ እወስዳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ላዮኔልን ጆሹዋ ላዮኔል ካወን በ1900 ኒው ዮርክ ውስጥ አቋቋመው። የመጀመሪያ ምርቱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የእንጨት ክፍት ፉርጎ ሲሆን፣ ዓላማውም ሱቆች በመስኮታቸው ሸቀጥ ጭነው እያዞሩ ገዢ እንዲስቡበት ነበር። ገዢዎች ግን ከሸቀጡ ይልቅ ፉርጎውን ፈለጉት ይባላል። ሰብሳቢዎች የኩባንያውን ታሪክ በሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያለው ነው፤ ይህም ፋብሪካው በ1942 መጫወቻ መሥራት አቁሞ ወደ ጦር ዕቃ እስኪዞር ድረስ ያለው ዘመን ነው። ሌላው ከ1945 እስከ 1969 ያለው ነው። የመጀመሪያው በአብዛኛው የላሜራና የኢናሜል ቀለም ዘመን ነው፤ ሁለተኛው የፕላስቲክ። አያያዛቸውም እድሳታቸውም የተለያየ ነው።

የሐዲድ ስፋትና የሞዴል መጠን

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ይህ ስለሆነ አስቀድሞ ቢጠራ ይሻላል። አንዱ ልኬት በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት ነው። ሌላው ሞዴሉ ከእውነተኛው ባቡር ስንት እጥፍ እንደሚያንስ የሚናገረው ነው። በዓለም ላይ በብዛት የተሰራጨው ኤችኦ ሐዲዱ 16.5 ሚሊሜትር፣ መጠኑ 1:87 ነው። 1,435 ሚሊሜትር የሆነውን የተለመደውን እውነተኛ ሐዲድ ለ87 ብታካፍሉ 16.5 ይመጣል፤ ሒሳቡ ይገጥማል።

ኦ የተባለው የላዮኔል መጠን ግን አይገጥምም። ስፋቱ 31.75 ሚሊሜትር ነው፤ በአሜሪካ በሚሠራበት በ1:48 ብታባዙት 1,524 ይሆናል፣ ማለትም ከእውነተኛው ወደ 9 ሴንቲሜትር ይሰፋል። በዚያ ላይ መሃል ላይ ሦስተኛ ሐዲድ አለው። ላዮኔል በ1906 ያወጣው ስታንዳርድ የተባለው ትልቁ መጠን ደግሞ 54 ሚሊሜትር ነው። ተፎካካሪው አሜሪካን ፍላየር ከ1946 ጀምሮ 22.5 ሚሊሜትር ስፋትና ሁለት ሐዲድ ባለው ኤስ በተባለው መጠን ሠርቷል። እነዚህ እርስ በርስ አይጋጠሙም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ማስመሪያ ያዙና በመንኮራኩሮቹ መካከል ለኩ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። አሮጌው የጂቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር ሐዲዱ 1 ሜትር ነበር። የለገሃርን ፉርጎዎች በ1:87 መሥራት የሚሻ ሰው የሚያስፈልገው ተራው ኤችኦ ሳይሆን ሐዲዱ 12 ሚሊሜትር የሆነው ኤችኦኤም ነው። ያንን ሥራ አንድ ሰው ድሬዳዋ ያሉትን አሮጌ ፉርጎዎች ለክቶ በደንብ ቢሠራው በጣም ደስ ይለኛል።

ቁጥሩን ማንበብ

ከጦርነቱ በኋላ በተሠሩት የላዮኔል ፉርጎዎች ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር ስለ ዕቃው ብዙ ይናገራል። በ2 የሚጀምረው በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ ነው፤ ማያያዣው ውስጥ የሽቦ ጥቅል ስላለው ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ራሱ ይከፈታል። ከ1948 ወዲህ ርካሽና ቀላል የሆነ ማያያዣ መጣ፤ ሐዲዱ ውስጥ ያለ ማግኔት ከታች ያለችውን ትንሽ ብረት ወደ ታች ሲስባት ይከፈታል። ያን ጊዜ ቁጥሮቹ በ6 መጀመር ጀመሩ፤ ለምሳሌ 2454 የነበረው ዝግ ፉርጎ 6454 ሆነ። በ3 የሚጀምሩት አንዳች እንቅስቃሴ የሚሠሩት ናቸው። ከእነዚህ ታዋቂው በ1947 የወጣው 3462 የወተት ፉርጎ ነው፤ ቁልፉ ሲጫን በሩ ይከፈትና አንድ ትንሽ ሰውዬ የወተት ጣሳ ወደ መድረኩ ያወጣል።

ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚያጠኑት 6464 የተባለውን የዝግ ፉርጎ ተከታታይ ነው። በ1953 በአራት ዓይነት ጀመረ፦ የዌስተርን ፓሲፊክ፣ የግሬት ኖርዘርን፣ የሚኒያፖሊስና ሴንት ሉዊስ፣ የሮክ አይላንድ ባቡር ኩባንያዎችን ቀለምና ምልክት ይዞ። ከ6464 ቀጥሎ ባለው ጭረት የሚመጣው ተጨማሪ ቁጥር የትኛው እንደሆነ ይለያል። 6464-1 ብርማ ሆኖ ጽሑፉ ሰማያዊ የሆነው የዌስተርን ፓሲፊክ ነው፤ 6464-325 ደግሞ በ1956 ብቻ የተሸጠ፣ ዛሬ በጣም የሚፈለግ የባልቲሞርና ኦሃዮ ፉርጎ ነው።

የጥናቱ ጥልቀት የሚታየው ትንንሽ ልዩነቶች ላይ ነው። የ6464 ጎን ላይ በፕላስቲኩ የተቀረጹ የሪቬት (የብረት ማያያዣ ሚስማር ራስ የመሰሉ ነጥቦች) መስመሮች አሉ። መጀመሪያ ሙሉ ነበሩ፤ በኋላ ጽሑፍ የሚያርፍበትን ቦታ ለማስተካከል ከቅርጹ ላይ የተወሰኑት ተነሡ። ቀደምቶቹ በሮች አንድ ትልቅ ገበታ ያላቸው ሲሆኑ የኋለኞቹ ብዙ ትንንሽ ገበታ አላቸው። መንኮራኩሮቹን የሚይዘው ቦጊም ዘመን አለው። ከ1951 ወዲህ የተለመደው የብረት ዓይነት ከዚያ በፊት ከነበረው ጫፉ ላይ ባለው አሠራር ይለያል፤ ከ1957 ወዲህ ደግሞ የፕላስቲክ ቦጊ ገባ። ስለዚህ የ1953 ፉርጎ የፕላስቲክ ቦጊ ለብሶ ብታገኙት አንድ ሰው ቀይሮታል ማለት ነው። ይህ ዕቃውን አያበላሸውም፣ ዋጋውን ግን ይቀንሰዋል፤ ሻጩም ሊነግራችሁ ይገባ ነበር።

ከምን እንደተሠራ

የላሜራ ፉርጎ ጠላቱ ዝገት ነው። ስዕሉ በቀጥታ ላሜራው ላይ የታተመበት ዓይነት ከተጫረ መመለሻ የለውም፤ ያንን ኅትመት በብሩሽ ማስመሰል አይቻልም። ኢናሜል የተቀባው ዓይነት ግን በሙሉ ተልጦ እንደገና ሊቀባ ይችላል።

የፕላስቲኩ ዘመን ዕቃ በአብዛኛው ፖሊስታይሪን ነው። አይዝግም፣ ግን ይሰነጠቃል፣ በሙቀት ይጣመማል፣ አሴቶንና ቲነር ያቀልጡታል። አንዳንድ የዚያን ጊዜ ፉርጎዎች ሴሉሎስ አሲቴት ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ እነዚህ በጊዜ ብዛት ራሳቸው ይጣመማሉ፣ ሲበላሹም የኮምጣጤ ሽታ ያወጣሉ። ሽታው ካለ አትግዙ።

ብዙ ሰው የማያውቀውና ልብ የሚሰብረው ግን የዚንክ ብልሽት ነው። ከጦርነቱ በፊት ለተሠሩ መንኮራኩሮች፣ ቦጊዎችና አንዳንድ አካሎች ዚንክን ከትንሽ አሉሚኒየም ጋር አቅልጦ በቅርጽ ማፍሰስ የተለመደ ነበር። ቅይጡ ውስጥ እጅግ ጥቂት እርሳስ እንኳ ከገባ፣ እርጥበት በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ይበላዋል። እህል ውስጥ እንደገባ ነቀዝ ከውስጥ ስለሚጀምር ላዩ ደህና መስሎ ይቆያል። ከዚያ ብረቱ ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻም በእጅ ሲነኩት ይፈረፈራል። ሙጫም ቀለምም አያቆመውም። ችግሩ የመጣው ከቅይጡ ንጽሕና ስለሆነ፣ በጣም ንጹሕ ዚንክ ከተለመደ በኋላ ቀንሷል። ከጦርነት በፊት የተሠራ ፉርጎ ስትገዙ መንኮራኩሮቹን በማጉያ መነጽር እዩ፦ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ፣ ያበጠ ጠርዝ፣ መዞር ያቃተው ጎማ ካለ ምትክ ክፍል የምትገዙበትን ገንዘብ ከወዲሁ አስቡ። ደግነቱ ለታወቁት ዓይነቶች ምትክ መንኮራኩር ይሸጣል።

የደረጃ አሰጣጥ

በ1954 በፔንሲልቬንያ የተቋቋመው የባቡር ሰብሳቢዎች ማኅበር የሁኔታ ደረጃ አውጥቷል፤ ገበያው ሁሉ በእሱ ይነጋገራል። ከሲ-10 እስከ ሲ-1 ይወርዳል። ሲ-10 ያልተነካ አዲስ ነው። ሲ-7 ጥቃቅን ጭረት ብቻ ያለበት፣ ዝገትም ጉድጓድም የሌለበት ነው። ሲ-5 የተጫረ፣ ትንሽ የተመታ፣ ያደፈ ነው። ሲ-2 እድሳት ግድ የሚለው፣ ሲ-1 ደግሞ ለመለዋወጫ ብቻ የሚሆነው ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ሲ-5ና ከዚያ በላይ የሆነውን አጽዱት እንጂ አትቀቡት። ሲ-3 ወይም ሲ-4 የሆነና ያልተለመደ ዓይነት ከሆነም አትቀቡት፤ ያረጀ የመጀመሪያ ቀለም እንደገና ከተቀባ ፉርጎ ይመረጣል። ሙሉ እድሳት የሚገባው ለሲ-2፣ ወይም ከዚያ በፊት ሌላ ሰው በቀባው፣ ወይም በብዛት በሚገኝ ተራ ዓይነት ላይ ነው። ለመማር የምትፈልጉ ከሆነ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ በርካሽ የሚሸጥ ተራ ፉርጎ ፈልጉና በእሱ ላይ እጃችሁን አፍታቱ።

ማጽዳት

ከመንካታችሁ በፊት ከስድስቱም ጎን ፎቶ አንሱት። ቀጥሎ አካሉን ከታችኛው ብረት ለዩ። ካቻቢቴው የብሎኑን ራስ በትክክል የሚሞላ ይሁን፤ ያነሰ ካቻቢቴ ብሎኑን ይበላዋል። ፕላስቲኩ በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ ስለሆነ መልሳችሁ ስታስሩ አታጥብቁት። ብሎን ሳይሆን የታጠፈ የላሜራ ምላስ ያለው ከሆነ በፒንሳ ቀስ አድርጋችሁ የግድ የሚለውን ያህል ብቻ አቅኑት፤ ምላሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ ይሰበራል።

ጽሑፉ እንዴት እንደታተመ አሁን ማወቅ አለባችሁ። በጋለ ብረት ተጭኖ የታተመው ፕላስቲኩ ላይ ጎድጎድ ብሎ ይሰማል፤ ይህ ጠንካራ ነው። በወንፊት የታተመው ወፍራምና ጠርዙ የጠራ ነው። በጎማ ማኅተም የተመታው ግን ላይ ላዩን ብቻ ያረፈ ስለሆነ በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ እንኳ ሊለቅ ይችላል፤ በዙሪያው አጽዱ፣ እሱን አትንኩ።

ለፕላስቲክ አካል ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ ከሥሩ በኩል ሞክሩት። በረኪና፣ የመስተዋት ማጽጃ፣ አልኮልና ሻካራ ስፖንጅ አይጠጉት። ላሜራን ውኃ ውስጥ መንከር ፈጽሞ አይገባም፤ ውኃው ላሜራው በታጠፈበት ገብቶ ከውስጥ ያዝገዋል። በጥቂት የረጠበ ጥጥ ጠርጉና ወዲያው አድርቁት።

ቀለም የሌላቸውን የዛጉ ክፍሎች፣ ማለትም የመንኮራኩር ዘንግን፣ ብሎንን፣ የማያያዣ ብረትን ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉ፣ በናስ ብሩሽ ፈትጉ፣ በደንብ አጥባችሁ አድርቁ። የዚንክ ክፍል ግን ኮምጣጤ ውስጥ አይግባ፤ አሲዱ ራሱን ብረቱን ይበላዋል። ከዚያ ዘንጉ በሚዞርበት ቦታ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት በመርፌ ጫፍ ጣል አድርጉ። ወተት ፉርጎን የመሰሉ ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ሲቆሙ ብዙውን ጊዜ የተቃጠለ ነገር የለም፤ የቀድሞ ባለቤት ያፈሰሰው ዘይት ደርቆ ሙጫ ሆኖ ነው። ያንን ማጽዳት ብቻ ሰውዬውን ወደ ሥራው ይመልሰዋል። ሲንቀሳቀስ ማየት በዚህ ሥራ ውስጥ የማይሰለቸኝ ደስታ ነው።

ሙሉ እድሳት ሲያስፈልግ

አስቀድሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአሜሪካ እርሳስ ያለበት የቤትና የመጫወቻ ቀለም የታገደው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ አሮጌ ፉርጎን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ የእርሳስ ብናኝ ቤት ውስጥ መበተን ነው። ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ ይህ ጨርሶ መደረግ የለበትም። ላሜራ ላይ ያለውን ቀለም በፈሳሽ ማስለቀቂያ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ ከቤት ውጭ አንሡት። ፖሊስታይሪን ላይ ያለውን ግን ለብረት በተሠራ ማስለቀቂያ አትሞክሩት፤ አካሉ ይቀልጣል። 91 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ቀለሙን ያለሰልሰዋል፤ በየጊዜው እያያችሁ በጥርስ ብሩሽ አውርዱት።

የተሰነጠቀ ፖሊስታይሪን የሚጠገነው ፕላስቲኩን ራሱን አቅልጦ በሚያዋህድ ቀጭን የሞዴል ሙጫ ነው፤ ከውስጥ በኩል በቀጭን ብሩሽ ስንጥቁ ላይ ስትነኩት ራሱ ይሳባል። በየሱቁ የሚገኘው ፈጣን ሙጫ ግን ሲደርቅ በሚያወጣው ትነት ዙሪያውን ነጭ ጉም ስለሚያለብሰው ለሚታይ ቦታ አይሆንም። ላሜራ ሲሆን የተመታውን ከውስጥ በእንጨት ደግፋችሁ ቀስ በቀስ አቅኑ፣ የቀረውን በስቱኮ ሙሉ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡ፣ ከዚያ ስስ ስስ አድርጋችሁ ዋናውን ቀለም ደራርቡ። ወፍራም ቀለም የሪቬቶቹን ቅርጽ ይውጣል።

ሥራው ሲያልቅ ከሥሩ፣ በማይታይ ቦታ፣ መቀባቱንና ዓመቱን በማይለቅ ቀለም ጻፉ። ዛሬ እናንተ ባትሸጡትም ነገ የሚሸጠው ሰው አለ።

የተጭበረበረን መለየት

በ1954 አካባቢ ብርቱካናማ ሆኖ ሰማያዊ ላባ የተሳለበት 6464-100 የዌስተርን ፓሲፊክ ፉርጎ በጥቂቱ ተሠርቷል፤ እጅግ ብርቅ ነው። በ1966 ላዮኔል ያንኑ መልክ 6464-250 ብሎ በብዛት አወጣው። በመጀመሪያ ዕይታ ሁለቱን የሚለየው በዋናነት ቁጥሩ ስለሆነ ፈተናው ይታያችኋል፦ ቁጥሩን የለወጠ ሰው ተራውን ዕቃ ብርቅ አድርጎ ሊሸጠው ይችላል። ቁጥሩን በማጉያ መነጽር ተመልከቱ፤ በጋለ ብረት የታተመ ጽሑፍ ከተፋቀ ጎድጓዳው ይቀራል። አካሉን ከፍታችሁ ውስጡ ላይ የተረጨ አዲስ ቀለም እንዳለ እዩ። የአልትራቫዮሌት መብራትም ይረዳል፤ አዲስ ቀለም ከአሮጌው በተለየ መንገድ ያበራል፣ ዘመናዊ ካርቶንም ወረቀቱን ለማንጣት የሚጨመርበት ኬሚካል ስላለ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ካርቶኑ ራሱ ዋጋ ስላለው የተመሳሰለ ካርቶን ብዙ ነው።

ማስቀመጥና ማስኬድ

ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ፕላስቲክን ያጣምማል፤ ምድር ቤት ያለው እርጥበት ላሜራን ያዝጋል፣ ካርቶንን ያሻግታል። ሰው የሚኖርበት ክፍል ለፉርጎም ይስማማል፣ የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ካላረፈበት። ፊኛ ያለው ፕላስቲክ መጠቅለያ ለረጅም ጊዜ ከነካው ክብ ክቡን ቀለሙ ላይ ያትማል፤ ለስላሳ የፒቪሲ ከረጢትና የኤሌክትሪክ ገመድ ደግሞ ፖሊስታይሪንን ቀስ በቀስ ያቀልጡታል። አሲድ የሌለበት ስስ ወረቀት ጠቅልሉት። አሮጌውን ካርቶን በፕላስተር አታጣብቁት።

ለማስኬድ ስትፈልጉ የላዮኔል ባቡር በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ፣ እስከ 18 ቮልት ገደማ ይሠራል፤ የኤችኦ ባቡሮች ማስነሻ አይሆነውም። አሮጌው ትራንስፎርመር ከፉርጎው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የገመዱ ጎማ ከተሰነጠቀ ግድግዳው ላይ አትሰኩት፤ መጀመሪያ ገመዱን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይቀይረው። ወደ ኢትዮጵያ ለዘመድ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ የአሜሪካው ትራንስፎርመር ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በ220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። የቮልት መቀነሻ ያስፈልገዋል፤ የመቀነሻውም አቅም ትራንስፎርመሩ ላይ ከተጻፈው ዋት የላቀ ይሁን። እዚያ ያለው ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ለ60 የተሠራው ትራንስፎርመር ከተለመደው በላይ ይሞቃል፤ ስለዚህ ብዙ መብራትና ሁለት ሞተር በአንድ ጊዜ አትጫኑበት፣ በየጊዜው በእጅ እየነካችሁ እዩት፣ ጨዋታው ሲያበቃም ከግድግዳው ንቀሉት።